ከመሳቢያው ሥር የነበረ ጽሑፍ

ደባርቅ ውስጥ ወደ ቡይት ራስ የሚወጣውን መንገድ ይዘው ትንሽ ሄድ ሲሉ፣ በስተግራ የቆርቆሮ አጥሩ ያዘነበለ ግቢ አለ። የደምለው ግቢ እሱ ነው። ስም የተጻፈበት ሰሌዳ የለውም። ገንዘብ አጥቶ አይደለም፤ ሰው ደጁ ላይ ቆሞ ሲያነብ፣ እሱ የተጻፈውን አለማወቁ ያሳፍረዋል። ስለዚህ አንድ እግሩ ሰማያዊ፣ አንድ እግሩ ቢጫ የተቀባ አሮጌ ወንበር አጥሩ ላይ ሰቅሏል። ዕቃ የሚያሳድስ ሰው ያንን አይቶ ይገባል።

ቀድሞ ባለበቅሎ ነበር። ፈረንጅና የፈረንጅ ጓዝ ጭኖ ወደ ተራራው ይወጣል፣ ይወርዳል። ኋላ ፈረንጁ ቀረ። በቅሎዋም ታመመችና ሞተች፤ ደምለውም እጁን አጣጥፎ ቤት ዋለ። አንድ ቀን ሚስቱ በለጠች እግሩ የተሰበረ ወንበር ለማገዶ ልትፈልጥ መጥረቢያ አነሣች። «ተይው እስቲ» አለና ከእጇ ወሰደው። ሦስት ቀን ሲነካካው ሰንብቶ መለሰላት። ጎረቤት አየ። ከዚያ ወዲያ ሰው የተጣለ የተጣለውን ዕቃ ይዞለት ይመጣ ጀመር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አሮጌውን ቀለም በጠርሙስ ስባሪ ይፍቃል። ብርጭቆ ወረቀት ውድ ነውና ለመጨረሻው ብቻ ያቆየዋል። ስንጥቁን በመጋዝ ዱቄትና በኮላ ይደፍናል። ቫርኒሽ የሚገዛበት ከሌለ የተልባ ዘይት ከንብ ሰፈፍ ጋር አሙቆ በጨርቅ ያሸዋል፤ ያን ጊዜ እንጨቱ ውስጡ መብራት የበራ ይመስላል። የቁምሳጥኑን ሆድ ደግሞ ልብስ ሰፊዋ ስጦታ በምትሰጠው ቁርጥራጭ ጨርቅ ያለብሰዋል። ማጣበቂያው የገብስ ዱቄት ነው፤ እንደ ሙቅ ያፈላውና አይጥ እንዳትበላው ሬት ጠብ ያደርግበታል።

ደግሞ አንድ ዐመል አለው። የማይታየውን ወገን አብልጦ ያሳምራል። የቁምሳጥን ጀርባ፣ የጠረጴዛ ሆድ፣ የመሳቢያ ሥር። ሰው ፊት እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ማንም የማያየው ቦታ ላይ ግን እጁ እንደ ልቡ ይሄዳል። በለጠች በዚህ ትስቅበታለች። «ቀኑን ሙሉ የመሳቢያ ቂጥ ስታሽ ትውላለህ፤ የምታመሰግንህ አይጥ ናት» ትለዋለች። ደምለው ፈገግ ይልና ማሸቱን ይቀጥላል።

በኅዳር መጨረሻ ላይ አገርነሽ መጣች። ከዳባት ነው የመጣች፤ የጽድ ቁምሳጥን በአይሱዙ አስጭና። ዳባት መዝገብ ቤት የምትሠራ፣ አምሳ ዓመት ሊሞላት ትንሽ የቀራት፣ ባል ያላገባች ሴት ናት። ቁምሳጥኑ የአባቷ ነበር። ሁለት በርና ከታች አንድ ሰፊ መሳቢያ አለው። ጥቁር አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ፣ ቀለሙም እንደ አሮጌ ግድግዳ ተላልጦ ነበር።

ቁምሳጥኑ እስኪወርድ ድረስ ታሪኳን ነገረችው። ምሥጋናው የሚባል አንድ ወንድም አላት። እናታቸው እሱን ወልዳ ዓመት ሳይሞላው ሞተች፤ ያዘለችውም ያሳደገችውም እሷ ናት። ስምንት ዓመት ሱዳን ኖሯል። አሁን ለጥምቀት እመጣለሁ ብሎ ደውሏል። ክፍሉን አስጠርጋለች፣ ብርድ ልብስ ገዝታለች፣ የቀረው ቁምሳጥኑ ነው።

«አዲስ እንዲመስል አይደለም ደምለው» አለችው። «ያው አሮጌ ይሁን። ብቻ ሲገባ፣ ስንጠብቀው እንደነበር ይወቅ።»

ደምለው እንዲህ ያለ ነገር የሚናገር ደንበኛ ገጥሞት አያውቅም። እሺ እትዬ ብቻ አለ። ልቡ ግን ሞቀ። ይህን ሥራ ከሠራው ሁሉ አስበልጦ ሊሠራው ለራሱ ቃል ገባ።

ሥራው ሁለት ሳምንት ፈጀ። አረንጓዴው ቀለም ሲፋቅ ሥሩ ቀይ የጽድ እንጨት ወጣ፤ ሽታው ግቢውን ሞላው። መሳቢያው ላይ ሲደርስ ግን ወለሉን አንዱ ማዕዘን ላይ አይጥ በልታው አገኘ። መጠገን ይቻል ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ከላይ ጨርቅ አልብሶ ያልፈዋል። ደምለው ግን ቃል የገባበት ሥራ ነው። ወለሉን ነቅሎ በአዲስ ጣውላ ሊተካው ወሰነ።

የተነቀለውን ጣውላ ሲገለብጠው ጽሑፍ አየ።

በሐምራዊ እርሳስ ነው የተጻፈው፤ ጫፉን ምላስ ላይ እያረጠቡ በሚጽፉበት በዚያ በድሮው ዓይነት። ሁለት ቃል ነው። ፊደሉ ትልልቅ ነው፤ በሁለቱ ቃላት መካከል አንድ ስንዝር ክፍተት አለ። የመጀመሪያው ቃል መጨረሻ ላይ ያለችውን ፊደል ደምለው ዐወቃት። ደ ናት። የራሱ ስም መጀመሪያ። ልጅ ሆኖ ከየኔታ ዘንድ ፊደል ጀምሮ አባቱ ሲሞት አቋርጧል፤ ከዚያ ወዲህ የቀረችው የራሱ ስም ብቻ ናት፤ እሷንም የሚጽፋት እንደ ሥዕል ነው። የቀረውን ዝም ብሎ አየው።

በለጠች በአጠገቡ ስታልፍ ምን ይላል ብላ ጠየቀችው። የአናጢው ምልክት ነው አላት። እሷም ፊደል አልቆጠረችም፤ አምናው አለፈች።

ስጦታ ሁለት ቤት አልፋ ናት። ማንበብ ታውቃለች። ጣውላውን ይዞ ሄዶ፣ እስቲ ይህን አንብቢልኝ ቢላት በአንድ ትንፋሽ ታነብለት ነበር። ተነሥቶ እስከ አጥሩም ሄደ። አርባ ሦስት ዓመት የሞላው፣ ከፈረንጅ ጋር ሲያወራ የኖረ ሰው፣ ሁለት ቃል አንብቢልኝ ሲል ታየውና ተመለሰ።

ጣውላውን ግን አልጣለውም። እሱ ቤት የሚጣል የለም፤ ከአንዱ የተነቀለ ለሌላው ይሆናል። ለሁለት በርጩማ መቀመጫ ቆረጠው። መጋዙን ሲያሳርፍ በፊደሉ ላይ ማሳለፍ ከበደው፤ ምናልባት የጸሎት ቃል ቢሆንስ። በሁለቱ ቃላት መካከል ባለው ክፍተት ላይ አስተካክሎ ቆረጠ። ሰው እንዳይቀመጥበትም ጽሑፉን ወደ ታች አደረገው። እንደ ጥንቃቄ ነበር የቆጠረው። እግር ገጠመላቸው፤ ዘይት ቀባቸው። አንዱን ስለ ጨርቁ ውለታ ለስጦታ ሰጣት። ሌላውን በገበያ ቀን አህያ የሚነዳ አንድ የቆላ ሰው ገዛው፤ ከአዲ አርቃይ ወገን የመጣ ሳይሆን አይቀርም። ስሙን አልጠየቀውም። ማን የበርጩማ ገዥ ስም ይጠይቃል።

አገርነሽ ቁምሳጥኑን ልትወስድ ስትመጣ ዙሪያውን ዞራ አየችው። በሩን ከፈተች፣ የውስጡን ጨርቅ በመዳፏ ዳሰሰች፣ መሳቢያውን ሳበችና መለሰች። አልገለበጠችውም። ማን መሳቢያ ይገለብጣል። ዓይኗ እንባ ሞልቶ አመሰገነችውና ሄደች።

ለገና በዓል ሦስት ቀን ሲቀር መርዶ መጣ።

ምሥጋናው ከሱዳን ተሻግሮ ወደ አገሩ ሲመጣ መተማ መንገድ ላይ ትኩሳት ያዘው። አብረውት የነበሩት በቻሉት አስታመሙት፤ አልሆነም። እዚያው ቀበሩት። ከሞተ ስድስት ቀን ሆኖት ነበር። ደባርቅ ወሬው ሲደርስ ደምለው እጁን ታጥቦ፣ ጋቢውን ደርቦ ዳባት ለቅሶ ሄደ። ሰው በሞላበት ቤት አንገቱን ደፍቶ ጥግ ላይ ተቀመጠ። የተጠረገው ክፍል በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። በስንጥቁ ቁምሳጥኑ ይታያል። እንዳማረበት ቆሟል። ደምለው ከዚያ ወዲያ ቀና አላለም።

ከጥምቀት በፊት፣ ሳምንት ያህል ቆይታ አገርነሽ ደባርቅ መጣች። ጥቁር ለብሳ፣ ፊቷ ቀጥኖ። ደምለው ጠረጴዛ እያሸ ነበር። በርጩማ አቀረበላት፤ አልተቀመጠችም። የመጣችበትን ቀስ ብላ ነገረችው።

ለአርባው ተዝካር ታወጣለች። ለፍትሐቱ ደግሞ የክርስትና ስም ያስፈልጋል። የወንድሟን የክርስትና ስም አታውቀውም። ክርስትና ሲነሣ ልጅ ነበረች። እናቷ ሞታለች፣ የክርስትና አባቱ ሞቷል፣ ያጠመቁት ቄስ ሞተዋል። አባቷ ጥንቁቅ ሰው ነበር። የክርስትና ስም ክፉ ሰው እጅ ከገባ መተት ይሠሩበታል ብሎ ስለሚፈራ በአፉ አይጠራውም ነበር። ከመሞቱ በፊት ግን ለእሷ ብቻ ነግሯታል፤ ከመሳቢያው ሥር ጽፌዋለሁ፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ገልብጠሽ አንብቢው ብሏታል። ታላቅ ናትና ክፉ ቀን ቀድሞ ለሷ እንጂ ለምሥጋናው ይመጣል ብላ አስባው ስለማታውቅ አንድም ቀን አልገለበጠችውም። ዕቃው ሲታደስም ሥሩን የሚነካ ሰው ይኖራል ብላ አልጠረጠረችም። ትናንት ገለበጠችው። አዲስ ጣውላ ነው፤ እንደ መስታወት ያበራል።

«ከሥሩ ጽሑፍ አላየህም ደምለው?» አለችው።

አየሁ ቢላት የሚከተለው ጥያቄ ምን ይላል የሚል ነው። ያ ጥያቄ ከፊቱ ቆሞ ታየው። እጁ ላይ ያለውን ጨርቅ አጠፈው፣ ዘረጋው።

«አላየሁም እትዬ» አለ።

አገርነሽ ራሷን ነቀነቀች። እንግዲህ አይጥ በልታው ይሆናላ አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር። መውጫውን ራሷ ሰጠችው። ደምለውም አዎ፣ ማዕዘኑን በልታው ነበር አለ። ውሸት አልነበረም፤ ለዚያም ነው ከውሸቱ ይልቅ ያ ቃል ያቃጠለው። ደህና ዋል ብላው ወጣች። የጫማዋ ድምፅ ከጠጠሩ መንገድ እስኪጠፋ ቆሞ ቀረ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደምለው ዕቃ መገልበጥ ፈራ። ጠረጴዛ ሲገለብጥ ሆዱ ላይ ሐምራዊ ነገር የሚያይ ይመስለዋል። ቀረብ ሲል የእንጨቱ ጅማት ነው። ዘይት ሲቀባ ጅማቱ እንደ ፊደል ይጠማዘዛል። ደ የምትመስል ነገር በየቦታው ታየው። የራሱ ፊደል ናት፤ ግን ከሙት ስም ላይ ያያት ናትና አሁን ማን እየተጠራ እንደሆነ አያውቅም። ሰው ሲሞት ነፍሱ እስከ አርባ ቀን የኖረበትን ትዞራለች የሚሉትን ከልጅነቱ ሰምቷል። ታዲያ ይኼ ሰውዬ ወዴት ነው የሚዞረው? ቤቱ አልደረሰም። የደረሰ ስሙ ብቻ ነበር፤ እሱንም ደምለው ለሁለት ቆርጦ እግር ገጠመለት።

የጥምቀት ለት ሰው ሁሉ ታቦት ሊያጅብ ወጣ። በለጠችም ነጭ ለብሳ ሄደች። ደምለው ወገቤን አሞኛል ብሎ ቀረ። ቀትር ላይ መንደሩ ጭር ብሎ፣ ከሩቅ እልልታ ብቻ እየመጣ፣ አንድ ሰው አጥሩን አልፎ ገባ። ራሱን በሻሽ ጠምጥሟል፤ አቧራ ለብሷል፤ ትንሽ ቦርሳ ትከሻው ላይ አለ። ሰላም አላለም። ግድግዳው ሥር የተደረደሩትን በርጩማዎች አንድ በአንድ አነሣ። አነሣና ገለበጠ፤ ሥራቸውን አየ፤ መልሶ አስቀመጠ። ዋጋ አልጠየቀም። የመጨረሻውን ሲያስቀምጥ፣ «ሌላ የለም?» አለ።

«የለም» አለ ደምለው። 

ሰውየው ወጣ። ደምለው ትንሽ ቆይቶ አጥሩ ጋ ደረሰና መንገዱን አየ። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ ወደ ላይም ወደ ታችም ሩቅ ያሳያል። ማንም አልነበረም። ምናልባት በስጦታ ቤት በኩል ወደ ውስጥ ታጥፎ ይሆናል። ምናልባት ከቆላ የመጣ እንግዳ ነው፤ ዕቃ የሚያውቅ ሰው ሥሩን አይቶ ነው የሚገዛው። ደምለው ይህን ሁሉ ለራሱ ነገረ። ፀሐይ አናት ላይ ሆና እሱ ግን በረደው።

ከሳምንት በኋላ በለጠች ከገበያ ወሬ ይዛ መጣች። አገርነሽ የድሮ ሰው የተባለ ሁሉ ጋ ሄዳ እየጠየቀች ነው አለች። ኮሶዬ ድረስ ሄዳ የአባቷን የሩቅ ዘመድ ጠይቃለች፤ የሚያውቅ የለም። እህል ከጉሮሮዋ አይወርድም። ለአርባው የቀረው ሁለት ሳምንት አይሞላም። ነፍስ አባቷ ቄስ ሀብተ ሚካኤል በግምት ስም አንጠራም ብለዋል አሉ፤ የማይሆን ስም ከተጠራ ጸሎቱ የሌላ ሰው ደጅ ይሄዳል።

ደምለው እየበላ ነበር። እጁን ከትሪው አነሣ።

«ጽሑፍ ነበረ» አላት።

በለጠች መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ገባት። ለአፍ የማትቸገር ሴት ናት፤ ያን ቀን ግን አልተቆጣችም፣ አልሳቀችም። ትሪውን አንሥታ ወጣች። ስትመለስ፣ «ዳባት ሩቅ አይደለም» አለችው። ሌላ ነገር አልጨመረችም።

በማግስቱ ማለዳ ስጦታ ዘንድ ሄደ። በርጩማው ላይ ተቀምጣ የስፌት መኪናዋን ትረግጣለች። መደገፊያ ያለው ጥሩ ወንበር ይዞላት ነበር የሄደ፤ በዚህ ለውጪኝ አላት። ስጦታ ወንበሩን አየች፣ እሱን አየች።

«ምነው አያ ደምለው፣ ከቂጤ ሥር ወርቅ ቀብረህ ነበር እንዴ?» አለችው።

ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ስትነሣለት በርጩማውን ተቀብሎ ሳይገለብጠው በጋቢው ጠቀለለው። እሷ እንድታነበው አልፈለገም። ከማንም በፊት ማንበብ ያለባት የሟቹ እህት ናት ብሎ ነው። እንዲያ ነው ያሰበው፤ ግማሹ ግን ያው እፍረት ነበር።

ሚኒባስ ውስጥ ጉልበቱ ላይ አድርጎት ሄደ። አገርነሽ ቤት ሲደርስ አጥር ግቢዋ ውስጥ እህል እያሰጣች ነበር። ቁጭ እስክትል አልጠበቀም፤ ከጠበቀ እንደማይናገር ያውቀዋል።

«ጽሑፉን አይቼዋለሁ። ዋሽቼሻለሁ» አላት። እርስዎ የሚላትን ሴት አንቺ ብሎ መጥራቱን እንኳ አላስተዋለም። «ማንበብ አልችልም። ያ ነው ነገሩ። እፍረት ነው።»

ከዚያ ጋቢውን ፈትቶ በርጩማውን ገለበጠው።

አገርነሽ ተንበረከከች። ዘይት ጠጥቶ እንጨቱ ጠቁሯል፤ ሐምራዊው ግን አልጠፋም፣ እንዲያውም ጎልቷል። የአባቷን እጅ ጽሑፍ ዐወቀችው። በጣቷ ተከተለችው። «ወልደ» አለች። ጣቷ ወደ ቀኝ ሄደ፤ ጣውላው አለቀ። ጠርዙን ዳሰሰች፣ የመጋዙን ጥርስ የበላውን። ቀና ብላ አየችው።

«ወልደ ማን?»

ሌላው ግማሽ የት እንደሄደ ነገራት። አልጮኸችም። ብትጮኽ ይሻለው ነበር። ጥቁር ሻሿን አስተካክላ፣ እህሉን ለዶሮ ትታ፣ ቤት ገብታ ውኃ አመጣችለት። ያን ውኃ እንዴት እንደጠጣው ደምለው እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል።

ሁለት ገበያ አብረው ወጡ። አገርነሽ ከመሥሪያ ቤቷ ፈቃድ ወስዳ ደባርቅ መጣች። አህያ የሚነዳ፣ ከቆላ የመጣ ሰው ባዩ ቁጥር ደምለው ቀድሞ ይሄዳል። ሰው መጠየቅ ሞት የሚመስለው ደምለው መቶ ሰው ጠየቀ። አራት እግር ያለው፣ ቀይ የጽድ በርጩማ፣ ዘይት የጠጣ። አንዳንዱ ሳቀበት። አንዱ ሽማግሌ በርጩማ ጠፍቶብህ ነው ወይስ ሚስት ብለው ተረቡት። አንድ ሴት አይቻለሁ ብላ ቤቷ ወሰደቻቸው፤ ሌላ ሆነ። የቆላው ሰው አልተገኘም። መንገዱ ረጅም ነው፤ ምናልባት ከዚያም አልፎ ሄዷል። ከአንዱ ጎጆ ውስጥ፣ ከአንድ ሰው ሥር፣ የምሥጋናው ስም ግማሽ ተደፍቶ ተቀምጧል።

አርባው አራት ቀን ሲቀረው አገርነሽ ደምለውን ቤቷ አስጠራችው። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት አለ። በትልልቅ ፊደል፣ አንዱን ከአንዱ አራርቃ፣ ስሞች ጽፋለች። ሚካኤል፣ ገብርኤል፣ ማርያም፣ ሥላሴ፣ ኪዳን፣ ጊዮርጊስ፣ ሌላም። እያንዳንዱን በጣቷ እየነካች አነበበችለት። እንግዲህ ማንበቡን ተወው፣ ያየኸውን መልክ አስታውስ አለችው። ዓይን እኮ አይረሳም፤ የቱን ይመስላል?

ደምለው ወረቀቱ ላይ ጎንበስ አለ። ጣውላውን ለማየት ዓይኑን ጨፈነ። ሐምራዊውን ያያል፣ ትልቅነቱን ያያል፣ ክፍተቱን ያያል። ሁለተኛው ቃል ላይ ሲደርስ ግን ልክ መጋዙ እንዳለፈበት ያህል ይቋረጥበታል። ዓይኑን ሲገልጥ ሁሉም ይመስላል። ሚካኤል ይመስላል። ሥላሴም ይመስላል። ደግሞ አንዱም አይመስልም።

አገርነሽ ጣቱን ትጠብቃለች። ወር ሙሉ እንቅልፍ ያላየ ፊት ከፊቱ አለ። አንዱን ብነካላት አለ በልቡ። አንዱን በጣቴ ብነካላት ዛሬ ትተኛለች። ምናልባትም ልክ ይሆናል። ቄሱም ይጠሩታል፤ ሰዎቹም በልተው ጠጥተው ነፍስ ይማር ብለው ይሄዳሉ። ማን ያውቃል? ማንም። እጁ ከጉልበቱ ላይ ተነሣች። ወረቀቱ ላይ ደረሰች። ከሚካኤል በላይ ቆመች፤ የጣቱ ጥላ ፊደሉ ላይ አርፏል።

በዚህች ቅጽበት ያ በቀትር የመጣው ሰው ትዝ አለው። «ሌላ የለም?» ያለው።

እጁን መልሶ ጉልበቱ ላይ አኖረ።

«አላውቀውም እትዬ» አለ። «እውነት አላውቀውም።»

 ውጭ ሰው ያልፋል፣ ባጃጅ ያልፋል። አገርነሽ ወረቀቱን አጠፈችው።

«እንኳንም አልነካኸው» አለችው። «ብትነካው አምንህ ነበር።»

ወረቀቱን ሰጠችው። ያዘው አለችው፤ አንድ ቀን ብታገኘው ታስተያየዋለህ። ደምለው ተቀብሎ ደረት ኪሱ ከተተ።

የአርባው ለት ደምለውና በለጠች ማለዳ ዳባት ገቡ። በለጠች ሴቶቹ ጋ ወጥ ቤት ገባች። ደምለው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከሰው ሁሉ ኋላ፣ ቅጥሩ ሥር ቆመ። ግማሿ ጣውላ እግሮቿ ተነቅለው በነጠላ ተጠቅልላ አገርነሽ እጅ ላይ ናት። ቄስ ሀብተ ሚካኤል ከፍትሐቱ በፊት ለሕዝቡ ነገሩን በአጭሩ አስረዱ። የማንንም ስም አላነሡም። ከስሙ ግማሹ አለን፣ እሱን እንጠራለን፤ ግማሹ ደግሞ እግዜር ዘንድ ነው፣ እሱ ይሙላው ብለው አበቁ።

ጸሎቱ ጀመረ። ስሙ ጋ ሲደርሱ፣ «አዕርፍ ነፍሰ ገብርከ ወልደ» አሉ።

አሉና ቆሙ።

አንድ ትንፋሽ ያህል ነው። ዲያቆኑ ቀና አለ። መቋሚያ የያዙት አልተንቀሳቀሱም። ሕዝቡ ልማዱ ሆኖ አሜን ሊል ነበር፤ ተወው። በዚያ ዝምታ ውስጥ አንድ ሰው ገብቶ የሚቀመጥበት ያህል ቦታ ነበር። ከዚያ ቄሱ ቀጠሉ። ጸሎቱ ውስጥ ስሙ በተነሣ ቁጥር እንዲሁ ቆሙ። ደምለው ቆጠረው፤ ሰባት ጊዜ ነው። በእያንዳንዱ ላይ ጀርባው ቅጥሩን ይገፋ ነበር።

አገርነሽ ያን ቀን እህል ቀመሰች። ሴቶቹ አይተው ተመስገን አሉ። ደምለውን ግን ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር አንሥታበት አታውቅም። ሲገናኙ ደህና ነህ ትለዋለች፤ አንዴም ለጎረቤቷ አልጋ የሚያድስላት ሰው ስትጠየቅ ወደሱ ልካታለች። እሱም አልጋውን ሲሠራ ከእያንዳንዱ ጣውላ ሥር አየ። ምንም የለም። ቢኖርም ስጦታ ዘንድ ይዞት ይሄድ ነበር፤ አሁን ትንሽ ምልክት ያየበትን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። አንብቢልኝ ለማለት አሁንም ፊቱ ይቀላል። ግን ይላል።

በዚህ ዓመት በክረምቱ መግቢያ አምባራስ ወጥቶ ነበር። አብሮት በቅሎ ይነዳ የነበረ ሻረው የሚባል ሰው የቤቱን ጠረጴዛ እንዲያይለት ጠርቶት ነው። የሻረው ሚስት ግባ ብላ ከእሳቱ ዳር በርጩማ አቀረበችለት። ቀይ ነው፤ አራት እግር አለው። ደምለው አልተቀመጠም። አንሥቶ ገለበጠው፣ ወደ በሩ ብርሃን አዞረው። ትኋን ፈርቶ ነው እንዴ ብላ ሴትየዋ ለባሏ ሳቀች። ሻረው ተይው ሙያው ነው አላት።

ከሥሩ ጥላሸት ነበር። በአውራ ጣቱ ጠረገው። ከዚያም ሥር ሌላ ጥላሸት ነበር፤ ፊደል ይኑርበት አይኑርበት አልለይ አለው። ደረት ኪሱ ያለውን ወረቀት በልብሱ ላይ ነካ አድርጎ መኖሩን ዐወቀ፤ አላወጣውም። በርጩማውን መልሶ አስቀመጠ። ከዚያ ሰው የተኛበት አልጋ ጠርዝ ላይ እንደሚቀመጥ ሰው፣ ቀስ ብሎ፣ ክብደቱን ጥቂት በጥቂት እየለቀቀ ተቀመጠ።